ቢስክሌታችን ዳባት ላይ ይውረድ

የቢስክሌት ክበባችን ለመጪው ዕረፍት ስላሰበው የጃናሞራ ጉዞ በማኅበሩ ሰሌዳ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ አንባብያን ሳይመለከቱት አይቀሩም። ማስታወቂያው እጅግ አጭር ነው። ተጓዦች ከነቢስክሌታቸው ከጎንደር በመኪና እንደሚነሡ ይናገርና «ጉዞው ከደባርቅ ይጀምራል» ብሎ ይዘጋል። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሰሞኑን በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም ያላስነሣችው ክርክር የለም። አንዱ ወገን መኪና የሚባል ነገር ጨርሶ አይነካን፣ ከጎንደር ጀምረን እንርገጥ ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ደባርቅ ምን አለና፣ መኪናው እስከ ሳንቃ በር፣ ቢቻልም እስከ ጨነቅ ያድርሰን ይላል። ሦስተኛው ወገን ማስታወቂያው እንደ ወጣ ይጽና ባይ ነው።

እኛ ከሦስቱም ጋር አልተስማማንም። የእኛ ሐሳብ መኪናው ዳባት ላይ ይቁም፣ ቢስክሌቶቹም እዚያው ይውረዱ፣ ጉዞውም ከዚያ ይጀመር የሚል ነው። ሐሳባችንን ለአንዳንድ ጓደኞቻችን ስንነግራቸው ቀልድ መስሏቸው ሥቀዋል። «ዳባት እኮ የሚታለፍ ከተማ ነው» ያሉንም አሉ። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን ዳባትን የምናውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው። ይሁን እንጂ ምክንያታችንን እስከ መጨረሻው እንዲሰሙን እንለምናለን፤ ነገሩ የመነሻ ሥፍራ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ማን ይሄዳል፣ ማንስ ይቀራል የሚለውም ጥያቄ ጭምር ነውና።

በመጀመሪያ «በቢስክሌት ጉዞ ስም መኪና ላይ መውጣት ነውር ነው» ለሚሉት ወንድሞቻችን መልስ እንስጥ። የእነዚህን ወንድሞቻችንን ጕልበት እናደንቃለን። ነውሩ ምኑ ላይ እንደ ሆነ ግን አልገባንም። ገረመው ደንቦባ በ1949 ዓ. ም. በሜልቦርን ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ስም ይዞ በጎዳና ውድድር 24ኛ ሲወጣ ከአዲስ አበባ እስከ አውስትራልያ እየረገጠ አልሄደም። ጽጋቡ ግርማይም በ2008 ዓ. ም. ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ተወዳድሯል። በዚያ ውድድር ማታ ከጨረሱበት ከተማ ጧት ወደሚነሡበት ከተማ ተወዳዳሪዎቹ በአውቶቡስ እንደሚወሰዱ፣ ቢስክሌቶቻቸውም በመኪና ጣሪያ ላይ ተደርድረው እንደሚከተሏቸው በቴሌቪዥን ያየ ሁሉ ያውቀዋል። እንግዲህ የዓለም ታላላቆች ያላፈሩበትን ነገር እኛ በኪራይ ቢስክሌት የምንፈራገጠው የምናፍርበት ምክንያት ምንድን ነው? መኪና የቢስክሌት ጠላቱ አይደለም። ዋናው ጥያቄ የት ድረስ ይዞን ይሄዳል፣ የትስ ላይ ይተወናል የሚለው ነው።

ከዚህ በኋላ መንገዱን ራሱን እንመልከተው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። መንገዱ ወለቃን አልፎ በኮሶዬ በኩል አምባ ጊዮርጊስ ሲደርስ ወደ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ይህ ሁሉ ዳገት በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ የሚያልቅ ነው። ከክበባችን አባሎች መካከል ማርሹ የሚሠራ ቢስክሌት ያላቸው በጣት የሚቈጠሩ መሆናቸውን ሁላችንም እናውቃለን። የቀረው በሰዓት የሚከራይ፣ ፍሬኑም በጫማ የሚታገዝ ዐይነት ነው። በእንዲህ ያለው ቢስክሌት ኮሶዬን መውጣት ቢስክሌት መንዳት ሳይሆን ቢስክሌት መግፋት ነው። ጠንካሮቹ በቀትር አምባ ጊዮርጊስ ደርሰው ሻይ ሲጠጡ ደካሞቹ ገና ከወለቃ በላይ ባለው ዳገት ያልባቸዋል። ማታ ጨለማው መንገድ ላይ ያገኛቸዋል። የጭነት መኪና በጨለማ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከመብራት የለሽ ቢስክሌት ጋር ቢገናኝ ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም። አብሮ ለመሄድ የወጣ ማኅበር በመጀመሪያው ቀን ለሁለት ተከፍሎ ቢያድር ጉዞው ለማን ጠቀመ እንላለን?

«እስከ ጨነቅ በመኪና» የሚሉት ደግሞ በተቃራኒው የከፋ ሐሳብ ይዘዋል ብንል ስሕተት አይሆንም። የእነርሱ ምክንያት ውበት ነው። ጭላዳውን፣ ዋልያውን፣ ገደሉን በመጀመሪያው ቀን ለማየት፣ ፎቶግራፍም ለመነሣት ይፈልጋሉ። ይህን መፈለግ ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው ጧት ጎንደር በ2,100 ሜትር ላይ ቁርሱን በልቶ ማታ ጨነቅ በ3,600 ሜትር ገደማ ላይ ቢተኛ፣ ሰውነቱ በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ወጣ ማለት ነው። ጤና የሚያጠኑ ጓደኞቻችን እንደሚያስረዱን ከ2,500 ሜትር በላይ በፍጥነት የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና ድካም ሊያገኘው ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ደግሞ የመኝታን ከፍታ በየቀኑ ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምሩ ለተራራ ተጓዦች ይመከራል። ሕመሙ ጐበዝ አይመርጥም፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘው እንዲያውም እሮጣለሁ ብሎ የቸኮለውን ነው። ወንበር ላይ ተቀምጦ የወጣ ሰው ምን ያህል እንደ ወጣ እግሩ ስለማይነግረው የሚያውቀው ራሱ ሲመታው ነው።

ከጤናው ቀጥሎ ገንዘቡ አለ። ሃያ ሰውና ሃያ ቢስክሌት ከአስፋልት ወጥቶ በፓርኩ የጠጠር መንገድ እስከ ጨነቅ እንዲያደርስ የሚያዝ መኪና የኮንትራት መኪና ነው። የኮንትራቱ ሒሳብ በራስ ሲከፋፈል ከቤቱ የኪስ ገንዘብ ለሚላክለት ተማሪ ቀላል ይሆንለታል። ከካፌው ምግብ ሌላ ለማያውቀው ግን ጉዞው በሰሌዳ ላይ ተነቦ የሚቀር ወሬ ይሆናል። ማኅበሩ ገንዘብ ይሙላልን የሚሉ እንዳሉ ሰምተናል። የማኅበሩ ካዝና የሁሉም አባል መዋጮ ነው። ቢስክሌት በእጁ ነክቶ የማያውቅ አባል ያዋጣው ገንዘብ ለጥቂቶች ላንድክሩዘር ቢከፈል ያ አባል ምን ይለናል?

ስለ ፓርኩ ራሱም አንድ ቃል እንበል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1970 ዓ. ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው። ነገር ግን በ1989 ዓ. ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባና ከዚያ የወጣው ከሃያ ዓመት በኋላ በ2009 ዓ. ም. ነው። ወደዚያ መዝገብ ካገቡት ምክንያቶች መካከል የዋልያ ቁጥር መቀነስና የእርሻ መስፋፋት ሲኖሩበት በውስጡ የተሠራው መንገድም ተጠቅሶ ነበር። እርግጥ ያ መንገድ ለጃናሞራና ለበየዳ ሕዝብ የእህሉም የሕሙማኑም መተላለፊያ ሆኖ የኖረ ስለ ሆነ ባላገሩ ለምን ሄደበት ልንል አንችልም። እኛ ግን የምንሄደው ለሽርሽር ነው። ለሽርሽር የሚሄድ ሰው በሞተር ጩኸት ካልሆነ አልደርስም ማለቱ አያምርበትም። ከደባርቅ ወዲያ ያለውን በቢስክሌትና በእግር እንሂድበት፤ ጭላዳውም ቢሆን ቢስክሌት ሲገፋ የሚያልበው ተማሪ ሲያይ ከእኛ ይልቅ የሚደሰት ይመስለናል።

እንግዲህ የቀረው ማስታወቂያው ያለው ደባርቅ ነው። ደባርቅን መነሻ ማድረግ ከሁለቱ ሐሳቦች ይሻላል፤ ይህንን እናምናለን። ነገር ግን ደባርቅ ላይ የሚወርድ ተጓዥ በማግስቱ ጧት የሚጠብቀው የፓርኩ ዳገት ነው። ቢስክሌቱ ከመኪና ጣሪያ ወርዶ ሳይሞከር፣ ሳንባውም አየሩን ሳይለምድ በቀጥታ ወደ ሳንቃ በር 3,200 ሜትር ገደማ ይወጣል ማለት ነው። ዳባት ላይ ብንወርድ ግን በመካከሉ አንድ አጭር ቀን እናገኛለን። ከዳባት እስከ ደባርቅ ያለው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዳባት ከ2,600 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ፣ ደባርቅ ደግሞ በ2,850 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። መንገዱ ወረድ ወጣ እያለ ስለሚሄድ ድካሙ ከቁጥሩ መብለጡ አይቀርም፤ ቢሆንም ኮሶዬን ለሚያህል ዳገት አይተካከልም። በጧት ከጎንደር የተነሣ መኪና 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ዳባት ሲደርስ ገና ረፋድ ነው። ምሳ በልተን፣ ቢስክሌቶቻችንን ፈትሸን፣ ቀስ ብለን ብንሄድ እንኳን ከጀምበር ጋር ደባርቅ እንገባለን። ሌሊቱንም እዚያው እናድራለን።

ቢስክሌቶቻችንን ፈትሸን ስንል በከንቱ አይደለም። ቢስክሌት በመኪና ጣሪያ ላይ ምን እንደሚደርስበት ያላየ ሰው ያለ አይመስለንም። ረዳቱ አንዱን በአንዱ ላይ ይጥላል፤ በላዩ ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ይጨምርበታል። ሲወርድ መሪው ዞሯል፣ ካቴናው ወልቋል፣ አንዱ ጎማ ፍሬኑን እየነካ ይሽከረከራል። ይህ ሁሉ ጉዳት ዳባት ላይ ቢታይ ከተማ ነው፤ ጎሚስታም ብየዳም አይጠፋም። የቀረ ቢኖር እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ይታያል፤ እዚያም ይጠገናል። ከደባርቅ ወጥቶ በፓርኩ ውስጥ ቢታይ ግን የሚያበጀው ማን ነው? አብሮን የሚሄደው የፓርኩ ስካውት ጠመንጃ ይዞ እንጂ የጎማ ማጣበቂያ ይዞ አይመጣም።

እዚህ ላይ ከአንድ የፊዚክስ ተማሪ ጋር የተነሣውን ክርክር ሳንጠቅስ አናልፍም። ይህ ወንድማችን መኪናው ከፍ እያለ ሲሄድ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ጎማዎቹ ይፈነዳሉ፣ ስለዚህ ባዶ ሆነው ይጫኑ ብሎ ነበር። የውጭው አየር መሳሳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ከጎንደር እስከ ዳባት ባለው የከፍታ ልዩነት የሚመጣው ለውጥ አንድ የቢስክሌት ጎማ ከሚነፋበት ኀይል ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ጎማውን የሚጐዳው ከፍታው ሳይሆን ቀኑን ሙሉ በጣሪያው ላይ የሚያቃጥለው ፀሐይና ያለ ጨርቅ የታሰረው ገመድ ነው። ስለዚህ ትንሽ ማስተንፈስ አይከፋም፤ ባዶ ማድረግ ግን ቸርኬውን ለጣሪያው ብረት አሳልፎ መስጠት ነው። ፔዳሉ ይፈታ፣ መሪው ይዙር፣ ካቴናው ያለበት ጐን ወደ ላይ ይሁን፣ በየመካከሉ ካርቶን ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ይግባ፣ በላዩ ሸራ ይልበስ። ከሁሉም በላይ ከእኛ አንዱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ከረዳቱ ጋር ይሰር እንጂ ከታች ሆኖ «ቀስ በል» እያለ አይጩኽ። ረዳቱም ሰው ነው፤ አብሮት ለሚሠራ ይታዘዛል፣ ከታች ለሚያዝዘው ግን ሽንኩርቱን ይጨምርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ምክንያታችን ደረስን። ክበቡ በእጁ ያለውና ሊከራየው የሚችለው ቢስክሌት ጠቅላላ ቢደመር ለመሄድ ከሚፈልጉት ተማሮች ግማሹን እንኳን አያዳርስም። በተለይ እኅቶቻችን ስማቸውን ለማስመዝገብ ሲመጡ «የራስሽ ቢስክሌት አለሽ?» እየተባሉ ይመለሳሉ። ከገጠር የመጡ ብዙ ወንድሞቻችንም እንደዚሁ። እንግዲህ መነሻው ደባርቅ ከሆነ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ሁሉ ረጅምና ከባድ ስለ ሆነ ቢስክሌት ለሌለው ሰው ቦታ የለም። መነሻው ዳባት ቢሆን ግን የመጀመሪያው ቀን መንገድ አጭር ስለ ሆነ አንድ ቢስክሌት ለሁለት ሰው ሊበቃ ይችላል። አንዱ ከዳባት እስከ ወቅን ይነዳል፤ ተጓዳኙ በዚያው መንገድ በሚመላለሱት መኪናዎች ወቅን ይቀድምና ይጠብቀዋል። ከወቅን እስከ ደባርቅ ደግሞ ሁለተኛው ይነዳል። በዚህ ዐይነት ሃያ ቢስክሌት አርባ ሰው ያስጕዛል። ከአርባው መካከል ወደ ጃናሞራ የሚቀጥሉት ቢስክሌት ያላቸውና ጕልበት ያላቸው ቢሆኑ ቅር አይለንም፤ ሌሎቹ በማግስቱ ከደባርቅ በአውቶቡስ ይመለሳሉ። ቢያንስ ግን ከማኅበሩ ጋር ወጡ፣ ነዱ፣ ደባርቅም አደሩ። መንዳት የማይችሉትም ከዛሬ ጀምሮ በኳስ ሜዳው ላይ ቢለማመዱ ለ15 ኪሎ ሜትር የሚደርሱበት ጊዜ አላቸው።

ከማኅበሩ ውጭ ስለ አካባቢው ሕዝብም የምንለው አለን። ዳባት ለምሁራን እንግዳ ከተማ አይደለችም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያቋቋመው የምርምር ማዕከል በወረዳው የተመረጡ ቀበሌዎች ሕዝብ ሲወለድ፣ ሲሞት፣ ሲፈልስ እየመዘገበ ስለ ጤናው ብዙ ጥናት እንዲጻፍ ምክንያት ሆኗል። ከመምህራኖቻችንና ከተማሮቻችን መካከል የዳባትን ስም በጽሑፋቸው ውስጥ ያነሡ አሉ። የዳባትን ሕፃናት ክብደትና የእናቶችን ዕድሜ በሠንጠረዥ ያውቃሉ፤ በከተማዋ ግን አንድ ስኒ ቡና ሳይጠጡ በአውቶቡስ አልፈዋታል። ይህን ስንል ምርምሩን ለመንቀፍ አይደለም። ሠንጠረዡን ያነበበ ሰው የወገራን ገብስና ባቄላ አይቶ፣ ከገበያ የሚመለሰውን ባላገር «እንደምን ዋላችሁ» ብሎ፣ የሴቶቹን የውሃ እንስራ ሸክም በዳገቱ ላይ ተመልክቶ ቢመለስ ሠንጠረዡን በሌላ ዐይን ያነበዋል የሚል እምነት ስላለን ነው። በመኪና መስኮት ይህ ሁሉ እንደ ሥዕል ያልፋል። በቢስክሌት ግን ሰው ሰላምታ ሳይሰጥ ማለፍ አይችልም።

ከዚህም የሚከብድ ነገር አለ። በነሐሴ 2013 ዓ. ም. መጨረሻ፣ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ ከዳባት ብዙ በማትርቀው በጭና ብዙ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። በዚያ አገር ኀዘኑ ገና አላለፈም። ስለዚህ በዚያ መንገድ የምናልፍ ተማሮች በሆታና በጭፈራ፣ በድምፅ ማጉያም ሙዚቃ እየለቀቅን የምንሄድ ከሆነ ከመጀመሪያው ብንቀር ይሻላል። ዳባት ወርደን፣ የአገሩን ሽማግሎች ሰላም ብለን፣ ምሳችንን ከእነርሱ ሱቅና ምግብ ቤት ገዝተን ብንሄድ ግን መምጣታችን ለከተማው እንግድነት ይሆናል። ከጎንደር በላስቲክ የተቋጠረ ሽሮና ዳቦ ይዞ በዳባት በኩል ማለፍን የቁጠባ ብልኀት አድርገው የሚያቀርቡ አሉ። እኛ ግን ንፍገት እንለዋለን።

አሁን ደግሞ ሁሉም እያሰበው ማንም በሰሌዳው ላይ ያልጻፈውን ነገር እንናገር። ከ2015 ዓ. ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው የትጥቅ ግጭት ምክንያት መንገዶች አንድ ቀን ሲከፈቱ ሌላ ቀን ሲዘጉ አይተናል። በሰኔ 2016 ዓ. ም. ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ወደየቤታቸው ይመለሱ የነበሩ ተማሮች በኦሮሚያ ክልል በገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ ወርደው ታግተዋል፤ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር የታጋቾቹ ቁጥር ከመቶ በላይ እንደ ነበር በጊዜው ተዘግቧል። እነዚያ ተማሮች እንደ እኛ መጽሐፋቸውንና ልብሳቸውን ይዘው አውቶቡስ የተሳፈሩ ልጆች ነበሩ። የሄዱትም ወደ ጀብዱ ሳይሆን ወደ እናታቸው ቤት ነበር።

ስለዚህ «ጉዞው ከደባርቅ ይጀምራል» የሚለውን አነጋገር የምንቃወመው በቃሉ ብቻ አይደለም። ይህ አነጋገር የመኪናውን ጉዞ ከጉዞ አይቈጥረውም። ኮሚቴው ለቢስክሌቱ ክፍል የራስ ቍር፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን፣ መለዋወጫ ጎማ በዝርዝር አስቦአል፤ በዚህ እናመሰግነዋለን። ለመኪናው ክፍል ግን «በመኪና ይነሣሉ» ከማለት ሌላ አንድ መስመር አልጻፈም። አደጋው ያለው ደግሞ በዚያው ባልተጻፈው መስመር ውስጥ ነው። ሹፌሩ ማን ነው? ሌሊት ተኝቷል ወይስ ከሌላ መንገድ ገና መመለሱ ነው? ትርፍ ይጭናል ወይ? በዚያ ሳምንት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዳባትና ከደባርቅ ሰዎች ማን ጠይቆ ያረጋግጣል? መንገዱ ሰላም አይደለም የሚል ቃል ቢመጣ ጉዞውን የመሰረዝ ሥልጣን የማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች በጽሑፍ መልስ ካላገኙ ማኅበሩ አንድም ቢስክሌት መጫን የለበትም። ለሰላሙ አጠራጣሪ በሆነ ሳምንት «እኔ እቀራለሁ» የሚል አባል ቢኖር ፈሪ ተብሎ እንዳይሰደብ፣ የከፈለውም ገንዘብ እንዲመለስለት ከአሁኑ ይወሰን። ጉዞው ቢዘገይ ተራራው የትም አይሄድም።

ስለ መኪናው ዐይነትም ግልጽ እንሁን። ከኮንትራት መኪና ይልቅ የመናኸሪያው አውቶቡስ ይሻለናል። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ከዳባት፣ ከአምባ ጊዮርጊስና ከገደብዬ ሰዎች ጋር ጐን ለጐን ይቀመጣል፤ ስለ መንገዱም እውነተኛውን ወሬ የሚሰማው ከእነርሱ ነው። ለቢስክሌቱ የሚከፈለው ግን አስቀድሞ ከመናኸሪያው ጋር ተነጋግሮ የሚቈረጥ መሆን አለበት። ጣሪያ ላይ ከወጣ በኋላ የሚጠየቅ ዋጋ ምን እንደሚመስል ዕቃ ጭኖ የማያውቅ ተማሪ እንኳን ይገምተዋል። አርባ ሰውና ሃያ ቢስክሌት በአንድ አውቶቡስ አይሆንም የሚባል እንደ ሆነ በሁለት ቀን ተከፍሎ መሄድ ይቻላል፤ የቀደሙት ዳባት አድረው የኋለኞቹን ይቀበላሉ።

ሌላም ሐሳብ ጆሮአችን ገብቷል። ደባርቅ ከደረስን በኋላ ከሰዓት በኋላ የሚተርፍ ጊዜ ካለ ሊማሊሞን ቁልቁል ወርደን እንመለስ የሚሉ አሉ። ሊማሊሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከገደል ላይ የተቀደደ፣ በብዙ መጠማዘዣ ወደ ዛሪማ ቈላ የሚወርድ መንገድ ነው። ለታሪክ ተማሮች አካባቢው ወልቅፊትን ያስታውሳል፤ በዚያ የመሸገው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ. ም. ነው። ቁልቁለቱ ለዐይን ያስጐመጃል። ነገር ግን በጫማ የሚታገዝ ፍሬን ይዞ ሊማሊሞን የሚወርድ ሰው የሚመለሰው በመኪና ነው፤ ዕድለኛ ከሆነ በወንበር ላይ ተቀምጦ። ይህ ሐሳብ ገና በጠረጴዛ ላይ ሳለ ይሰረዝ።

የጉዞው መጨረሻ ደረስጌ ማርያም መሆኑን ግን ሙሉ በሙሉ እንደግፋለን። በጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ብዙ በማትርቀው በዚያች ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ለክበባችን ኮሚቴ የሚሆን ነገር አለ። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ደረስጌን ያሠሩት ለገዛ ራሳቸው ንግሥ ነበር፤ ለሥራውም ጀርመናዊውን የዕፅዋት ሊቅ ቪልሄልም ሺምፐርን አሰማርተውበታል። በየካቲት 1847 ዓ. ም. ግን በዚያው በደረስጌ በተደረገው ጦርነት ተሸነፉና፣ እርሳቸው ባዘጋጁት ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑት ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ሆኑ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ተባሉ። ደጃዝማች ውቤ መድረሻውን ያዘጋጁትን ያህል መንገዱን ቢያዘጋጁ ኖሮ ምን ይሆን ነበር ብለን አልፎ አልፎ እንሣሣቃለን። ቧሂትን በ4,000 ሜትር በላይ እንዴት እንደምንሻገር፣ ቢስክሌቱንም የት ላይ እንደምንሸከም ጉዳዩ ሰፊ ስለ ሆነና የስቴንስሉም ወረቀት እያለቀብን ስለ ሆነ ለሌላ ጊዜ እንተወዋለን።

ለመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ እንግዲህ ይህ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ዐረፍተ ነገር «ጉዞው ከጎንደር በአውቶቡስ ይጀምራል፤ ቢስክሌት መንዳት ከዳባት ይጀመራል» ተብሎ ይታረም። ስለ መንገዱ ሰላም የሚጠይቁና ጉዞውን የመሰረዝ ሥልጣን ያላቸው ሦስት ሰዎች ይመረጡ፤ አንዷ ከሴት ተማሮች ትሁን። ምዝገባውም ቢስክሌት ባለውና በሌለው መካከል ሳይለይ በጥንድ ይሁን። ተጓዳኝ መምረጥን ለአባሎች ፈቃድ እንተወው። ከዳባት እስከ ወቅን፣ ከወቅንስ እስከ ደባርቅ ማን እንደሚነዳ ግን በዕጣ ይወሰን፤ ደባርቅን እየነዳ መግባት የማይፈልግ ሰው አይኖርምና።